ጥጥና ቅንድብ

በጡረታ የተሰናበትኩ ዕለት የወልቂጤ ባልደረቦቼ አንድ ጋቢና አንድ ባርኔጣ ሸለሙኝ። ጋቢው ወግ ነው። ባርኔጣውን ግን ማን እንዳሰበው እስካሁን አላወቅሁም። ዕድሜ ልኩን ወንዶች ቆባቸውን እስኪያወልቁ ሲጠብቅ ለኖረ ራሰ በራ ቆብ መስጠት ወይ ተንኮል ነው ወይ ፍቅር። ሁሉም ሳቁ፣ እኔም ሳቅሁ። ቤት ገብቼ ስሞክረው ልክ ሆነኝ።

ስሜ ታደሰ ነው። ትውልዴ ጎጃም፣ እንጀራዬ ግን ጉራጌ ነው። በነርስነት ተመርቄ መጀመሪያ የተመደብኩት ቡታጅራ ሲሆን፣ ከዚያ ጥቂት ዓመት አገና ሠርቼ የቀረውን ዘመኔን ወልቂጤ ጨረስኩ። ሁሉም ቦታ ያስቀመጡኝ ቆዳ ክፍል ነው። ስለ ደሞዙና ስለ ዕድገት ማመልከቻው ባላነሳ ይሻላል፤ ያነሳሁት ጊዜም ማንም አልሰማኝም።

ቆዳ ክፍል ሲባል ሰው የሚያስበው እከክና ጭርት ነው። በር ላይ ከሚጠብቁት ወንዶች ግን ብዙዎቹ ጠጉራቸው እየሄደባቸው የመጡ ናቸው። ደግሞ አንዳቸውም እንዲያ ብለው አይገቡም። ጨጓራዬን ይላሉ፣ ወገቤን ይላሉ፤ ሊወጡ ሲሉ የበሩን እጀታ ይዘው «እግረ መንገዴን ግን...» ይላሉ። የመጡት ለዚያች «እግረ መንገዴን» ነው።

ይህን ያስተማሩኝ ሲስተር ወርቅነሽ ናቸው። የጥያ ሰው ናቸው፤ በወጣትነታቸው የሥጋ ደዌ ሕሙማንን ሲያክሙ ኖረው ነው ወደ ቡታጅራ የመጡት። ቀጠን ያሉ፣ ድምፃቸው ዝቅ ያለ፣ ለመቆጣት እንኳ የማይቸኩሉ ሴት ነበሩ። የመጀመሪያው ቀን ገና ወንበር ሳላገኝ ራሴን ትክ ብለው አዩት።

«ስንት ዓመትህ ነው?»

«ሃያ ስድስት።»

«አባትህ ራሰ በራ ናቸው?»

«አይደሉም። አጎቴ ግን...»

«የእናትህ ወንድም?»

«አዎ።»

«እንግዲህ አንተም ልትሆን ነው። ከሁለቱም ወገን ይመጣል። ከግንባርህ ጥግና ከአናትህ ጀምሮልሃል፤ የምታውቅ መስሎኝ ነበር።»

አላውቅም ነበር። ሰው እንዴት እንዲህ በቁሙ መርዶ ይነገረዋል ብዬ ተቀየምኩ። ስነግራቸው «ዛሬ ካልነገርኩህ ነገ ደሞዝህን ለቅባት ሻጭ ታስረክባለህ» አሉኝ። ነግረውኝም አስረከብኩ። የዝንጅብል ጭማቂ ተቀባሁ፣ መርካቶ ድረስ ሄጄ ስሙን የማላነበውን ዘይት ገዛሁ። እሳቸው እያዩ ተዉኝ፤ አናቴ ጨርሶ ሲራቆት ብቻ «አሁን ለሥራው ተስማማህ፤ ሕመምተኛው ሲያይህ ውሸት እንደማትነግረው ያውቃል» አሉኝ።

አሠራራቸው የራሳቸው ነበር። ጠረጴዛቸው ላይ ሁልጊዜ የሙቅ ውሃ ፔርሙዝ አለ፤ እጃቸውን ሳያሞቁ የሰው ራስ አይነኩም። የሰው ቆብም በእጃቸው አያነሱም። ባለ ቆቡ ራሱ እስኪያወልቅ ስለ ዝናብ፣ ስለ መንገድ ያወራሉ። ከወለቀም በኋላ አናቱን ለማየት አይቸኩሉም፤ መጀመሪያ ቅንድብ፣ ቀጥሎ የጆሮ ጫፍ፣ ቀጥሎ ማጅራት፣ አናት በመጨረሻ። «አናት ሰውየው የሚያውቀውን ነው የሚነግርህ፤ የማያውቀው ሌላ ቦታ ነው ያለው» ይሉ ነበር። እውነትም ጠጉሩ ብል እንደበላው ልብስ የተቦጫጨቀ አንድ ነጋዴ ሻምፖ ለማዘዝ መጥቶ፣ መዳፉን ገልብጠው ሽፍታውን ሲያዩ ቂጥኝ ሆኖ ተገኘ። እኔን ውሃ አምጣ ብለው አስወጥተው ነው የነገሩት።

ጥያቄያቸውም አንድ ነበር፦ «ከሦስት ወር በፊት ምን አገኘህ?» አንድ አስተማሪ ጠጉሩ ማበጠሪያው ላይ በጭብጥ እየወጣ ሲመጣ ይህንኑ ጠየቁት። ሰውየው ምንም አላገኘኝም አለ። ቆይቶ፣ ጫማውን እያየ፣ ሴት ልጁን የቀበረው ያኔ መሆኑን ተናገረ። ለጠጉሩ መድኃኒት አላዘዙለትም። ጠጉር ዘግይቶ ነው የሚያለቅሰው፣ ከከባድ ትኩሳትም ከሐዘንም በኋላ እንዲህ ይረግፋል፣ ምግብህን ከበላህ በራሱ ይመለሳል ብለው አጽናንተው ሰደዱት። ለክረምቱ መዝጊያ ተመልሶ መጣ፤ አናቱ ላይ አጭር አዲስ ጠጉር ነበር። አስተማሪው ያንን እያስነካን አለቀሰ።

ነገሩን ለባላገር ሲያስረዱ በእንሰት ነበር። ቅጠሉ ቢቆረጥ ግድ የለም፣ አምቾው፣ ማለት ከአፈር ስር ያለው ሥሩ፣ ካለ ይበቅላል፤ አምቾው ከበሰበሰ ግን ዝናብ ቢዘንብለትም አይሆንም። ከፀጉር ቤት መቁረጫ መኪና የተጋባ ጭርት ቶሎ ከመጣ በሚዋጥ ኪኒን ይድናል። ጭርቱን በነጭ ሽንኩርት አሽቶ፣ አቃጥሎ፣ አቁስሎ የመጣው ግን ጠባሳ ይዞ ይቀራል። ሲስተር የተላጠውን ቦታ በአምፖል ብርሃን ስር አድርገው የጠጉሩን ቀዳዳ ይፈልጋሉ። ቀዳዳው ካለ ተስፋ አለ፤ ቆዳው እንደ ጥፍር ለስልሶ ቀዳዳው ከጠፋ ያንኑ ሳያሽሞነሙኑ ይነግራሉ።

ከድርን ያወቅነው በዚያ ዘመን ነው። ቡታጅራ ገበያ በርበሬ የሚነግድ፣ የመስቃን ልጅ፣ ገና ወጣት። ነጭ ኮፊያውን ዓይኑ ድረስ ደፍቶ «አሰላሙ አለይኩም» ብሎ ገባ፤ ሲስተርም «ወአለይኩም ሰላም» ብለው ተቀብለው ስለ በርበሬው ዋጋ ጠየቁት። ብዙ ካወሩ በኋላ ኮፊያውን አወለቀ። ከጆሮው በላይ ክብ፣ ልሙጥ፣ እንደ ሳንቲም ያለ ቦታ ነበር፤ ከኋላም ሌላ።

«ሲስተር፣ የበርበሬው አቧራ ይሆን?»

«በርበሬ ጠጉር ቢያራግፍ ኖሮ ቡታጅራ ውስጥ ጠጉር ያለው ሰው አይገኝም ነበር» አሉት። «ይሄ ላሽ ነው። የገዛ ሰውነትህ ጠባቂ ጠጉርህን እንደ ባዳ ቆጥሮ ያባርረዋል። ሥሩ አልሞተም። ሊመለስ ይችላል፣ ተመልሶም ሊሄድ ይችላል።»

በቀጭን መርፌ ቦታው ቦታው ላይ እንወጋው ጀመር። ያማል፤ ጥርሱን ነክሶ ይችላል። ሲበቅል መጀመሪያ ነጭ ሆኖ ነው የበቀለው። ከድር ደስ ብሎት ለሁለታችንም የተደለዘ በርበሬ አመጣልን። ከዚያ ክረምቱ ሲገባ ሌላ ቦታ ረገፈ። ቀጥሎ ቅንድቡ፣ ቀጥሎ ሽፋሽፍቱ፣ ጺሙ ሳይቀር ሄደ። አዲስ አበባ ላክነው፤ የሰጡት የሚዋጥ መድኃኒት ፊቱን አሳበጠው፣ ጠጉሩ ትንሽ ብቅ አለ፣ መድኃኒቱ ሲቆም እንደገና ረገፈ። እጃችን ላይ የነበረውን ሁሉ ሞክረን አለቀ። ስሙን በትክክል አውቀን ምንም ማድረግ ያልቻልነው በሽታ እንደዚያ አድርጎ የመታኝ ሌላ የለም። መስከረም ላይ ሲመጣ ሲስተር ፔርሙዙን ከፍተው እጃቸውን ታጠቡ፤ ራሱን ዳበሱት፤ ሁሉም ልሙጥ ስለሆነ ግን ለይተው የሚወጉት ቦታ አልነበረም።

ከድር ልጅ አጭቶ ነበር። የልጅቱ አባት ሐጂ ሙዘሚል የሚባሉ፣ ከከተማው ወጣ ብሎ ባለው ቀበሌ የተከበሩ ገበሬ ናቸው። ሰውየው ሥጋ ደዌ የያዘው ዘመድ አይተው ያደጉ ናቸው፤ ያ በሽታ ከሁሉ በፊት ቅንድብ እንደሚያነሳ ያውቃሉ። አገሩም ያውቃል። ስለዚህ የከድር ቅንድብ የሄደ ዕለት ነገሩ ያለቀ መሰለ።

«በሠርግ ቤት ለብቻዬ ሳህን አቀረቡልኝ» አለን አንድ ቀን። ይህን ሲል ሲስተርን እንጂ እኔን አላየም። «ሁሉ እየበላ እኔ ለብቻዬ። ወላሂ ሲስተር፣ ጠጉሩ ይቅር። ሐጂ ዘንድ መጥተው ይንገሩልኝ።»

ከጆሮው ጫፍ የተወሰደው ናሙና ከሥጋ ደዌ ንጹሕ መሆኑን የሚያሳይ ወረቀት ሰጥተነው ነበር። ሐጂ ወረቀቱን አጥፈው መልሰውለታል።

አንድ እሑድ ሄድን። ሐጂ ቤት ሽማግሌዎች ግድግዳውን ይዘው ተቀምጠዋል፤ ከድር ከበሩ አጠገብ። ከጎረቤት ለመርዳት የመጣች አንዲት ልጅ የቆጮ ሰፌድ ይዛ ደጁ ላይ ቆማለች፤ ንግግሩ ሳያልቅ መግባት ፈርታ ነው መሰለኝ። ሲስተር ገና ሲጀምሩ «ይህ ልጅ ያ በሽታ ይዞት ቢሆንም ኖሮ በኪኒን ይድናል፤ ከሰው የሚያስለይ ነገር አልነበረም» አሉ። ሽማግሌዎቹ እርስ በርስ ተያዩ። «ግን አይደለም። ወረቀቴን ካላመናችሁ እጃችሁን እመኑ» ብለው ከቦርሳቸው ጥጥ አወጡ።

ሥጋ ደዌ የነካው ቆዳ አይሰማም። እኛ የምንመረምረው ጥጡን እንደ ክር አሹለን፣ ሕመምተኛውን ዓይኑን አስጨፍነን፣ ነካ እያደረግን «የት ነካሁህ?» በማለት ነው። ሲስተር ጥጡን አሹለው ለሐጂ ሰጡ። ከድር ሳይባል ኮፊያውን አወለቀ። በዚያ ሁሉ ሽማግሌ ፊት ያንን ራስና ያንን ፊት አጋልጦ ዓይኑን ጨፈነ።

ሐጂ ቀኝ ቅንድቡ የነበረበትን ነኩት፤ ከድር በጣቱ አሳየ። ግራውን ነኩት፤ አሳየ። ጉንጩን፣ ጆሮውን፣ አገጩን፣ ክንዱን፤ አሳየ። ከዚያ ሐጂ ጥጡን ከግንባሩ ፊት አቁመው ሳይነኩት ቆዩ። ከድር አልተንቀሳቀሰም።

«የት ነካሁህ?» አሉት።

«አልነኩኝም አባባ» አለ።

አንድ ሽማግሌ «አልሐምዱሊላህ» ሲል ሰማሁ። እኔ ነገሩ አለቀ ብዬ ደስ አለኝ። ሐጂ ግን ጥጡን ጣታቸው መሃል እያዞሩ ወደ ሲስተር ዘወር አሉ። «አንድ ነገር ልጠይቅዎ። ከልጄ ለሚወለዱትስ ይተላለፋል?»

አንድ ቃል «አይተላለፍም» ቢሉ ያ ሠርግ ይደረግ ነበር፤ ይህን እዚያ የነበርን ሁሉ እናውቃለን። «ብዙውን ጊዜ አይተላለፍም» አሉ ሲስተር። «ግን በቤተሰብ የሚደጋገምበት ጊዜ አለ። አይሆንም ብዬ አልምልልዎም።»

ሐጂ ጥጡን ለሲስተር መለሱላቸው። «እግዜር ይስጥልኝ፤ አልዋሹኝም» አሉ በመጨረሻ። «ልጄን ግን አልሰጥም።»

ከዚያ ምሳ ቀረበ። ሐጂ ከድርን ከጎናቸው አስቀምጠው ከራሳቸው ሰፌድ አበሉት። ልጃቸውን ከለከሉት፣ ማዕዳቸውን ግን አልከለከሉትም። ከድር የጎረሰው እንዴት እንደወረደለት አላውቅም።

ስንመለስ መንገድ ላይ ከሲስተር ጋር ተጣላን። ከዚያ በፊት ድምፄን ከፍ አድርጌባቸው አላውቅም። «ምን ነበረበት አይወረስም ቢሉ? ማን ይጠይቅዎታል? የልጁን ቤት አፈረሱ» አልኳቸው።

«ነገ ልጅ ተወልዶ ቅንድቡ ቢረግፍስ?» አሉኝ። «ዋሽታናለች ይላሉ። ያኔ ጥጡንም ውሸት ነበር ይላሉ። ያ ልጅ ከነሚስቱ ከነልጁ እንደገና ለብቻው ሳህን ይቀርብለታል።»

አላመንኳቸውም። አብረን ስንሠራ ኖርን፣ ነገሩን ዳግም አላነሳነውም፤ ውስጤ ግን ቂም ብጤ ቀርቷል። ከድር ብዙም ሳይቆይ ሱቁን ወደ ሌላ ቦታ አዛወረ ተባለ፤ እኔም አገና ተዛወርኩ። ሲስተር ጡረታ ወጥተው ጥያ ገቡ፣ እዚያው አረፉ። ቀብራቸው ላይ አፈር ስንመልስ እንኳ ያቺን እሑድ አስቤያለሁ።

ወልቂጤ ስመጣ ሥራው ተለወጠ። የዩኒቨርሲቲው ልጆች ምርመራቸውን ስልካቸው ላይ ጨርሰው ነው የሚመጡት። ቱርክ ሄዶ ማስተከል ያዋጣል ወይ ይሉኛል፤ ከቴሌግራም የገዙትን ጠርሙስ ያሳዩኛል። እኔም እንደ ሲስተር እጄን አሙቄ እነግራቸዋለሁ፦ በዘር የሚመጣ ራሰ በራነት በሽታ አይደለም። ሚኖክሲዲል የሚባለው የሚቀባ ፈሳሽ ያለውን ይዞ ሊያቆይ፣ አንዳንዱንም ሊያበቅል ይችላል፤ ግን ወራት ይፈጃል፣ ሲተውት የያዘውን ይለቃል። የሚዋጥም ኪኒን አለ፤ አንዳንዱን ወንድ አልጋ ላይ አድክሞ ከሚስቱ ጋር ስለሚያጣላ ከሐኪም ጋር ሳይመካከሩ አይጀመርም። ንቅለ ተከላም የሚሆነው ለሁሉም አይደለም። ወይም ደግሞ እንደኔ መላጨት ነው። «አንተ ምን ቸገረህ ጋሼ፣ አግብተሃል» ይሉኛል። እውነታቸውን ነው። ሃያ ዓመት የሞላው ልጅ ባርኔጣውን ክፍል ውስጥ እንዲያወልቅ ሲታዘዝ ከትምህርቱ የሚቀርበት አገር ላይ ምን ቸገረህ ማለት አይቻልም።

የመጨረሻዬ ሳምንት ላይ ሦስት ሰዎች አብረው ገቡ። ሽማግሌውን ኮፊያውን ሳያወልቅ አወቅሁት፤ ፊቱ ያው ነው፣ ያለ ቅንድብ። ከድር ነበር። አብረውት ራሷን በጉፍታ የሸፈነች ሴትና ጎልማሳ ልጅ አሉ። ልጁ ሙባረክ ይባላል፣ ወልቂጤ የስልክ ሱቅ አለው። ጺሙ ላይ ሁለት ክብ ቦታ ተላጧል፤ የግራ ቅንድቡም ከጥጉ መሳሳት ጀምሯል።

እጄን ታጠብኩ። አየሁት። ቀዳዳዎቹ አሉ። ላሽ ነው አልኩት፣ እንደ አባትህ። የመርፌውን ነገር ነገርኩት፤ ዛሬ አዳዲስ ኪኒኖች መኖራቸውን፣ ውድ መሆናቸውን፣ ደም እየተመረመረ እንደሚወሰዱና ሲቆሙ ጠጉሩ ሊረግፍ እንደሚችል፣ አዲስ አበባ የቆዳ ሐኪም እንዲያየው እንደምጽፍለት። ጎበዝ ልጅ ነው፣ ሁሉንም በጥሞና ሰማ። ከዚያ የበሩን እጀታ ይዞ ሳይሆን ወንበሩ ላይ እንደተቀመጠ ጠየቀኝ።

«ከኢድ በኋላ ሽማግሌ ልልክ ነው። ለልጆቼስ ይተላለፋል?»

ያን ሁሉ ዓመት ሲስተር ማለት ነበረባቸው ያልኩት ቃል ምላሴ ላይ መጣ። ሠርጉን ማዳን እችላለሁ። የልጁን ፊት አየሁ፣ ከድርን አየሁ። ከድር ኮፊያውን አውልቆ ጉልበቱ ላይ አስቀመጠ።

ከአፌ ሳይወጣ እናቲቱ ተናገረች። «ዶክተር፣ እኔን አላወቁኝም» አለች። «ዘይነባ እባላለሁ። ያን ቀን ሐጂ ሙዘሚል ደጅ ላይ ቆጮ ይዤ ቆሜ ነበር።»

ሰፌዱ ትዝ አለኝ፤ ፊቷ ግን ትዝ አላለኝም።

«አገሩ ሁሉ በሹክሹክታ ያወራ ነበር» አለች። «አንዱ ቁምጥና ነው ይላል፣ አንዱ እርግማን ነው ይላል። እኒያ ሲስተር ብቻ የሚያስፈራውን ከማያስፈራው ለዩልን። የሚያስፈራውን ስላልደበቁን፣ የማያስፈራውን አመንኳቸው። በዓመቱ ከድር ሽማግሌ ሲልክ አባቴ እንቢ ሊሉ ነበር፤ እኔ ነኝ እሺ ያልኩት። ምን እንደማገባ አውቃለሁ፣ ሰምቻለሁ አልኳቸው።»

ሲስተር ወርቅነሽ ይህን ሳይሰሙ ሞቱ። እኔም ቂሜን ይዤ ቀበርኳቸው። አሁን የእሳቸውን ቃል እንዳለ ለልጁ ሰጠሁት፦ ብዙውን ጊዜ አይተላለፍም፣ ግን በቤተሰብ የሚደጋገምበት ጊዜ አለ፣ አይሆንም ብዬ አልምልልህም።

ሙባረክ አንገቱን ደፋ። «እንዲህ ብዬ ብነግራት፣ ብትተወኝስ?» አለ፤ የጠየቀው እኔን አልነበረም።

ዘይነባ ጉፍታዋን አስተካክላ ተነሳች። «ትተውህ» አለችው። «ደጅ ላይ ቆጮ ይዛ የቆመች ሌላ ትኖራለች።»

ከድር ኮፊያውን ከጉልበቱ አነሳ፤ ግን አላደረገውም። እጁ ላይ እንደያዘው፣ ራሱን ገልጦ፣ ሰው በሞላበት ኮሪደር ከልጁ ጎን ሄደ።